እንዶድ ስንት መዝገብ ላይ አለ?

በቴሌግራም የሚጽፉልኝ የኬሚስትሪ ተማሪዎች አሉ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። «ጋሼ፣ ስለ እንዶድ ኬሚስትሪ የት ገብቼ ልፈልግ?» እንዶዱ አንዳንዴ ኮሶ፣ አንዳንዴ ጌሾ ይሆናል። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ። «ምኑን ነው የምትፈልጊው?» ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ «ሁሉንም» ትላለች።

ሁሉንም የያዘ ቦታ የለም። ሊኖርም አይችልም ባይ ነኝ። የኬሚካል ዳታቤዝ የሚባለው ሁሉ ሲጀመር አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ነበረው። አንዱ «ይህን ውህድ ከእኔ በፊት የሠራው ሰው አለ?» ብሎ ነው የተነሳው። ሌላው የሞለኪውሉን ቅርጽ ማየት ፈልጎ ነው። ሌላው ደግሞ ሰው እንዳይመረዝ ሰግቶ ነው። መዝገቡ የተከፈተበትን ጥያቄ አሳምሮ ይመልሳል። ከዚያ ውጭ ያለውን ብትጠይቁት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከሌላ ቦታ የሰማውን ያወራላችኋል። ሰው የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው።

እስቲ እንዶድን ይዘን አንድ ዙር እንዙር። እግረ መንገዴን ሌሎች ነገሮችም አነሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 1964፣ ዓድዋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያደርሰው ተውሳክ የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እሱ ከሞተ በሽታው መንገድ ላይ ይቀራል። አክሊሉ ለማ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የወሰዱት በዚህ ሥራ ነው። ገዳዩ ሳፖኒን ነው። ልብስ ሲታጠብ አረፋ የሚያወጣውም እሱው ነው። ከፍሬው ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተብሏል።

እንግዲህ ፍለጋው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ብዙዎቹ መዝገቦች የሞለኪውል መዝገብ ናቸው። ተክሉን ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙ አያስተናግዷችሁም፤ የሞለኪውሉን ስም ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ መጀመሪያ የምከፍተው ፐብኬምን ነው። ነፃ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር 2004 ላይ ተከፈተ። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ውህዶች አሉት። ብዙ ሰው ግን ፐብኬም ውስጡ ሦስት መዝገብ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚጠቀምበት። አንደኛው ሰብስታንስ ይባላል። ሰዎች ያስገቡት ነገር እንዳለ የሚቀመጥበት ነው። ካፌይን የሚሸጥ ኩባንያ የራሱን ያስገባል፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን፣ ሌላ ዳታቤዝም የራሱን። ሁሉም የየራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለተኛው ኮምፓውንድ ነው። ሶፍትዌሩ የገባውን ሁሉ ያይና «እነዚህ እኮ አንድ ሞለኪውል ናቸው» ብሎ አንድ ገጽ ላይ ይሰበስባቸዋል። የካፌይን ገጽ ቁጥሩ 2519 ነው። ሦስተኛው ባዮአሴይ ነው። ሞለኪውሉ በምን ላይ ተሞክሮ ምን እንዳደረገ የሚጻፍበት ማለት ነው።

«ልዩነቱ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» ትሉ ይሆናል። ይፈይዳል። የኮምፓውንዱን ገጽ ስታዩት አንድ አዋቂ ቁጭ ብሎ የጻፈው ይመስላል። ግን ከየቦታው የተለቀመ ነው። የካፌይንን መቅለጫ ነጥብ ብትፈልጉ 238 ዲግሪ ሴልሺየስ ታገኛላችሁ፣ እዚያው አጠገቡ በፋራናይት 460 ተጽፏል። እነዚህ ሁለቱ እንኳ ይስማማሉ። ሁልጊዜ እንዲህ አይስማሙም። በእያንዳንዱ መስመር ሥር ትንሽ ሆኖ የተጻፈ የምንጭ ስም አለ። ሰው የማያነበው እሱን ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ «እንደ ፐብኬም ገለጻ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ። ፐብኬም የራሱ ንግግር ጥቂት ነው፤ የሌላውን ነው የሚያደርሰው። የራሱ የሆነው የተሰላው ክፍል ነው፤ ሶፍትዌር ከሞለኪውሉ ቅርጽ ተነስቶ የገመታቸው ቁጥሮች። እነሱም የተገመቱ እንጂ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ የተለኩ አይደሉም። ገጹ ላይ ለየብቻ ነው የተቀመጡት። ተማሪው ግን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀላቅላቸዋል።

ኮምፒውተሩ ሁለት ሞለኪውል አንድ መሆኑን እንዴት ያውቃል? ሥዕሉን ወደ ፊደል በመቀየር ነው። ስማይልስ የሚባለው አጻጻፍ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል በስማይልስ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ሲ፣ ሲ፣ ኦ። ሁለት ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅኖቹን ራሳችሁ ሙሉ ማለት ነው። ችግሩ አንዱን ሞለኪውል በብዙ ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ 2005 ላይ ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ኅብረት ኢንቺ የሚባል አጻጻፍ አወጣ። ለአንድ ቅርጽ አንድ ጽሑፍ። ከእሱ የሚወጣው አጭር ቁልፍ ሰረዞቹን ጨምሮ 27 ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ፊደላት የትኛው አቶም ከየትኛው እንደተያያዘ ይናገራሉ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ሞለኪውሉ ግራኝ ነው ቀኝ የሚለውን ይይዛል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ጫትን ውሰዱ። የጫት ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላብራቶሪ 1975 ላይ ከትኩስ ቅጠል ለየው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ይለወጣል። ቃሚ ትኩስ ትኩሱን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዲያ ካቲኖን እንደ ሁለት እጆች ሁለት መልክ አለው፤ ቅጠሉ የሚሠራው አንዱን ነው። ፐብኬም ላይ ሁለቱ የተቀላቀሉበትና የቅጠሉ ብቻ የሆነው ገጻቸው የተለያየ ነው። አንዱን ከፍቶ የሌላውን መረጃ መቅዳት በጣም ቀላል ነው። ቁልፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ፤ የመጀመሪያው ክፍል አንድ፣ ሁለተኛው ልዩ ልዩ።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። ዕቃ መግዣ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ፐብኬም ሳይሆን የካስ ቁጥር ነው። በኦሃዮ ኮሎምበስ የሚገኝ፣ የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ክፍል የሆነ ድርጅት ነው የሚሰጠው። ከ1907 ጀምሮ በዓለም የሚወጣውን የኬሚስትሪ ጽሑፍ ጨምቆ ሲያሳትም ኖረ። አሳጥረው የሚጽፉለት ለረጅም ዘመን በጎ ፈቃደኛ ኬሚስቶች ነበሩ። 1965 ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ነገር ቁጥር መስጠት ጀመረ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት አበበ አለ? በመታወቂያ ቁጥር ካልሆነ በስም አትለዩዋቸውም። የካስ ቁጥርም ሥራው ይኸው ነው። ቁጥሩ በራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ ተራ ነው የጠበቀው። ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተመዝግበዋል።

የምሠራበት ላብ አንድ ጊዜ ኮፐር ሰልፌት ፈለገ። በመጠየቂያው ላይ ቁጥሩን አስገብቼ ነበር፣ 7758-99-8። ጨረታው ሲወጣ ቁጥሩ ተቆርጦ ስሙ ብቻ ቀረ። «ቁጥር ምን ያደርጋል፣ ስሙ በቂ ነው» ተባለ። ዕቃው መጣ። ጣሳውን ከፈትን፤ ነጭ ዱቄት። ትምህርት ቤት ኮፐር ሰልፌት ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሰማያዊውን ነው። ጣሳው ላይ 7758-98-7 ይላል። አቅራቢው «ኮፐር ሰልፌት አይደል እንዴ ያላችሁት?» አለ። እውነቱን ነው። ነጩም ኮፐር ሰልፌት ነው፤ ውሃ የሌለው። ሰማያዊው አምስት ውሃ የያዘው ነው። ያንድ ሞል ክብደት የነጩ 159.61 ግራም፣ የሰማያዊው 249.68 ግራም።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የላቡ መመሪያ አንድ ሊትር 0.1 ሞላር ለመሥራት 24.97 ግራም መዝን ይላል። ያ ለሰማያዊው ነው። ከነጩ ያንኑ ብትመዝኑ 0.156 ሞላር ታገኛላችሁ፤ ከታሰበው በግማሽ ያህል የበለጠ። ደግሞ ነጩ እርጥበት ይወዳል። በክረምት አዲስ አበባ ላይ ጣሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ብትዘጉት ዳር ዳሩ ሰማያዊ መሆን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ማንም አያውቅም። ግዢ ክፍሉ ግን ፋይሉን ዘግቶታል።

የካስ ቁጥር የራሱ መፈተሻ አለው። የመጨረሻዋ አኃዝ የምትመጣው ከሌሎቹ ነው። የካፌይን ቁጥር 58-08-2 ነው። የመጨረሻዋን 2 ተዉና 5፣ 8፣ 0፣ 8ን ያዙ። ከቀኝ ጀምራችሁ በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4 አባዙ። 8፣ 0፣ 24፣ 20 ይመጣል። ድምሩ 52። የመጨረሻዋ አኃዝ 2። ተገናኘ። ፕሮፎርማ ላይ የተጻፈ ቁጥር እንዲህ ካልተገናኘ የተየበው ሰው ጣቱ ስቷል ማለት ነው። የኮፐር ሰልፌቶቹንም ሞክሩ፤ ሁለቱም ይገናኛሉ። ለዚህ ነው ይህ መፈተሻ የትየባ ስህተትን እንጂ የተሳሳተ ምርጫን የማይዘው።

ካስ ነፃ አይደለም። 2005 ላይ የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር «መንግሥት በነፃ የሚሰጠው ፐብኬም ከእኛ ሥራ ጋር እየተፎካከረ ነው» ብሎ እስከ ኮንግረስ ድረስ ተከራክሮ ነበር። ፐብኬም አልተዘጋም። እንደ እኔ ላለ ሰው ያ ክርክር በሌላ መንገድ ቢያልቅ ኖሮ ምን እንደምሠራ እንጃ። ዛሬ ካስ ራሱ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የተለመዱ ኬሚካሎችን በነፃ ክፍት አድርጓል። ለዕቃ ግዢ ይበቃል። ለምርምር አይበቃም።

ለውህደት ሥራ፣ ማለትም ሞለኪውል ለመሥራት፣ የሚያስፈልገው የምላሽ (ሪአክሽን) መዝገብ ነው። ከምን ተነስቶ፣ በምን ሟሟ፣ በስንት ዲግሪ፣ ስንት በመቶ ተገኘ የሚለው። ይህ ልማድ ከኮምፒውተር በፊት ነው የተጀመረው። ጀርመናዊው ግሜሊን 1817 ላይ፣ ቤይልሽታይን ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ 1881 ላይ ያስጀመሯቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ናቸው ዛሬ ሪአክሲስ የሚባለው የምላሽ ዳታቤዝ ውስጥ የገቡት። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እዚህ አገር የምላሽ መዝገብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጀርመን ወይም አሜሪካ ዶክትሬት የሚማር ጓደኛውን «እስቲ ይቺን እይልኝ» ማለት ነው። ጓደኛ ከሌለው ያለ መዝገብ ይሞክራል። ከመቶ ዓመት በፊት ያልሠራ ምላሽ እንደገና አልሠራ ይለዋል።

ስለ ክሪስታል መዝገቦች ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። ካምብሪጅ ያለው መዝገብ 1965 ላይ በኦልጋ ኬናርድ ተጀመረ፣ 2019 ላይ አንድ ሚሊዮን ሞላ። እዚያ የሚቀመጠው አቶሞቹ ጠጣሩ ውስጥ በትክክል የት የት እንደተቀመጡ ነው። «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው ሪቶናቪርን አነሳለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። 1996 ገበያ ላይ ወጣ። 1998 ላይ ፋብሪካው ውስጥ ሞለኪውሉ ሳይለወጥ ሌላ ዓይነት ክሪስታል ብቅ አለ። አዲሱ አልሟሟም አለ፤ ካፕሱሉ ከገበያ ተነሳ። ስሙ አንድ፣ ስማይልሱ አንድ፣ ኢንቺው አንድ። ከፐብኬም ኮምፓውንድ ብትጠይቁት አንድ ገጽ ነው። ካምብሪጅ ግን ሁለቱን ለየብቻ ይዟቸዋል። እንዶድ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ በር የመጀመሪያው አይደለም፤ ስኳር የተንጠለጠለባቸው ሳፖኒኖች ክሪስታል አልሠራም ብለው የሚያስቸግሩ ናቸው። የፕሮቲኖቹ መዝገብ ወንድሙ ነው። 1971 ላይ በሰባት ፕሮቲን ተጀምሮ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ደርሷል። ካፌይን አንጎል ውስጥ የሚቀመጥበትን የአዴኖሲን ተቀባይ፣ ካፌይኑ እንደተቀመጠበት፣ እዚያ ማየት ይቻላል። ቡና እየጠጡ ማየት ደስ ይላል።

አንጀቴን የሚያሳርረው የስፔክትረም መዝገብ ነው። ጥፋቱ የመዝገቡ አይደለም፤ የአጠቃቀሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ቅጠል ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዝፋል፣ ያጣራል። ከዚያ ጂሲ-ኤምኤስ ወዳለበት ላብ ይልካል። ማሽኑ ናሙናውን ያተነዋል፣ ይለያየዋል፣ እያንዳንዱን በ70 ኤሌክትሮን ቮልት ይሰባብረዋል፣ የስብርባሪዎቹን ክብደት ይለካል። 70 የሚለው ዓለም የተስማማበት ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ የተለካው ሜሪላንድ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። ሜሪላንድ ያልኩት ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እዚያ ስለሆነ ነው። ትልቁን የስብርባሪ ስብስብ ያዘጋጀው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ የእናንተን ከእሱ ጋር ያመሳክርና የስም ዝርዝር ያወጣል። ከስሙ አጠገብ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ቁጥር አለ። ተማሪው ስሞቹን ይገለብጣል። «ከተክሉ ሠላሳ ምናምን ውህዶች ተለዩ» ብሎ ይጽፋል።

አልተለዩም። ስብስቡ ውስጥ የሌለ ሞለኪውል ቢመጣ ኮምፒውተሩ ቅርብ ነው ያለውን ስም ይሰጣችኋል። ከቅመማ ቅመምና ከሽቶ ዘይት የሚወጡት ተርፒኖች ደግሞ ሲሰባበሩ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ናቸው። ለዚህ ነው ማሽኑ ውስጥ የቆዩበትን ጊዜ ወደ መለኪያ ቀይሮ ማወዳደር የሚያስፈልገው። ኒስት በነፃ የሚሰጠው ዌብቡክ ላይ ያ መለኪያ ለብዙዎቹ ተጽፏል። አንድ ተጨማሪ ዓምድ መሙላት ነው። አይሞሉትም።

ይባስ ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ዳይኦክቲል ፍታሌት የሚባል ነገር ብቅ ይላል። ፕላስቲክ ማለስለሻ ነው። ከሟሟው ጀሪካን፣ ከቱቦው፣ ከክዳኑ ይመጣል። ስንት ጽሑፍ ላይ «የመድኃኒት ተክሉ ውህድ» ተብሎ ተዘርዝሮ አይቻለሁ። ባክቴሪያ እንደሚገድልም ይተነተናል። ከዚያ ምን ይሆናል? ጽሑፉ ይታተማል። የተፈጥሮ ውህዶችን ከጽሑፍ የሚሰበስብ ዳታቤዝ ያነበዋል። ያስገባዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ዳታቤዙን ይጠቅሳል። የጀሪካኑ ፕላስቲክ እንዲህ አድርጎ የተክሉ ሆኖ ይቀራል።

እንዶድን በዚህ ማሽን መፈለግ ደግሞ ከመነሻው አይሆንም። ሳፖኒን ትልቅ ነው፣ ስኳር ተሸክሟል፣ አይተንም። ከመትነኑ በፊት ይቃጠላል። ማሽኑ የሚያሳያችሁ ከፍሬው ውስጥ የሚተነውን ትርፍራፊ ነው። ለሳፖኒን መንገዱ ኤንኤምአር ነው፤ ሞለኪውሉን ሳያተን በማግኔት የሚመረምር ማሽን። ለትንንሾቹ ሞለኪውሎች ጃፓኖች ለዓመታት በነፃ ያቆሙት ኤስዲቢኤስ የሚባል መዝገብ አለ። ኤንኤምአሩን፣ ኢንፍራሬዱን፣ ማስ ስፔክትረሙን ጎን ለጎን ያሳያል። ማየት የሚገባው ነው።

የመርዛማነት መዝገብን ባጭሩ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ። ቶክስኔት የሚባል ብዙ ሰው የለመደው የአሜሪካ ስብስብ ነበር። 2019 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ዋናው የአደገኛ ኬሚካሎች መዝገቡ ወደ ፐብኬም ተዛወረ፤ የድሮ አድራሻውን የጠቀሱ ጽሑፎች ግን ባዶ ገጽ ያሳያሉ። ጀርመኖች ጌስቲስ የሚባል ለሥራ ቦታ ደኅንነት የሚሆን ጥሩ መዝገብ አላቸው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ሳፖኒን ዓሣንም እንደሚገድል ያስታወሳችሁ እንደሆነ፣ ወንዝ ላይ ከመበተናችሁ በፊት የምትፈልጉት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

ሰው የሚረሳው የፓተንት መዝገብ ነው። ኬሚስት ለምን ጠበቃ የሚያነበውን ያነባል ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለባሽ ቱቦ እየደፈነ አስቸገረ። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ። ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚያ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት ወሰደ። እነዚያ የዓድዋ ሴቶች ፓተንቱ ላይ የሉም። ክርክሩ ያኔ ብዙ ተጽፎበታል፣ አልደግመውም። ከመዝገብ አንጻር ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ፓተንት መርማሪው ፊት የሚቀርበው የተጻፈው ብቻ ነው። ወንዝ ዳር የሚሠራበት ዕውቀት በማንኛውም መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ለእሱ የለም።

የእኛ ሰዎች ዝም አላሉም። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የተፈጥሮ ውህድ ተመራማሪዎች በማሰባሰብ የሚታወቁ ናቸው። ናቹራል ዳታቤዝ ፎር አፍሪካ የሚባል መዝገብ አዘጋጅተዋል። ሁለተኛው እትሙ 2011 ላይ የወጣው በሲዲ ነው። በእንዶድ ብላችሁ ብትፈልጉ ሊጠፋ የሚችለው በኦሮምኛው ሃንዶዴ ወይም በትግርኛው ሽብቲ ይገኛል፤ የአገር ቤት ስሞችን ከሳይንሳዊ ስሞች ጋር ማገናኘት ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ችግሩ ሲዲው ነው። አሁን የሚሸጥ ላፕቶፕ ላይ ሲዲ ማስገቢያ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? 2019 ላይ ደግሞ ኢቲኤም-ዲቢ የሚባል የኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት ዳታቤዝ ታተመ። ከ1 ሺህ በላይ ተክሎች፣ ከ4 ሺህ በላይ ውህዶች፣ ሕዝቡ ለምን እንደሚጠቀምባቸውም ጭምር ሰብስቧል።

እነዚህም ቢሆኑ አንድ ነገር አይመዘግቡም፣ እንዶድ ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ፍሬው ሙሉ እያለ ሳፖኒኑ ከሁለት ጎን ስኳር ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ እያለ ቀንድ አውጣውን አይነካውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት የራሱ ኢንዛይም ከአንድ ጎን ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። ያኔ ነው ገዳይ የሚሆነው። ስለዚህ በሜታኖል ያወጣ ኬሚስት አንድ ሞለኪውል ያገኛል፣ በውሃ ያወጣ ሌላ። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ሁለቱም «የእንዶድ ውህድ» ተብለው አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይሰለፋሉ። እንዴት እንደወጡ የሚል ዓምድ የለም። በእንዶድ የሚያጥቡት ሴቶች ትክክለኛውን መንገድ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ወቅጠው ውሃ ውስጥ ነው የሚዘፈዝፉት።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መድኃኒቱ ከዳታቤዙ አልፎ ዋናውን ጽሑፍ መክፈት ነው። በቅርብ ዓመታት የወደድኩት ሎተስ የሚባለው ሥራ ይህን ቀላል አድርጎታል። የሚይዘው ሦስት ነገር ነው፤ ሞለኪውሉ፣ የተገኘበት ፍጥረት፣ የተጻፈበት ጽሑፍ። ሦስተኛው ከሌለ አይገባም። ከ700 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ጥምረቶች ዊኪዳታ ላይ ተቀምጠዋል። ዊኪዳታ ስለሆነ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ ማስገባት ይችላል። ክፍያ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ፈቃጅ የለም።

ታዲያ ተማሪዎቹን «ግቡና የአገራችሁን ተክሎች ሙሉ» ስላቸው አንዷ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ላቧ ውስጥ ከአንድ ተክል የለየችው ውህድ አለ፤ ኤንኤምአሩ ንጹሕ ነው፣ ያለው ግን የማስተርስ ጽሑፏ ውስጥ ብቻ ነው። ቋሚ የመጣጥፍ ቁጥር የለውም። ሎተስ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆነባት። የመደርደሪያው ጽሑፍ በየዩኒቨርሲቲው ስንት እንደሆነ አስቡት።

የመለስኩላት ይህን ነው። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን አለ፤ በነፃ የሚነበብ ነው፣ ለመጣጥፎቹም ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ያንን አንድ ውህድ አጭር መጣጥፍ አድርገሽ ላኪ። ስትጽፊ በምን ሟሟ፣ በስንት ዲግሪ፣ ትኩሱን ነው ደረቁን የሚለውን አትዝለይ። የኤንኤምአሩን ጥሬ ፋይል ከማሽኑ ኮምፒውተር ላይ አሁኑኑ ቅጂ፤ ያ ኮምፒውተር ሲበላሽ ፎርማት ያደርጉታል፣ ማንም አይጠይቅሽም። መጣጥፉ ሲወጣ ሎተስ ላይ ሦስቱን ዓምድ መሙላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ረቂቋን ልካልኛለች። ሜታኖሉ ምን ያህል ንጹሕ እንደነበረ አልጻፈችም፤ ዛሬ ማታ ያንን እጠይቃታለሁ።